ለእንቁራሪቷ ሁለት ጊዜ ባትሪ መረጥሁ

ጽሑፍ ሲጀመር አስቀድሞ ፈጣሪን ማመስገን አባቶቼ ያቆዩኝ ሥርዓት ነው። እኔም አመስግኜ ጀምሬአለሁ፤ ነገር ግን በቀኝ እጄ ብዕር፣ በግራ እጄ የባትሪ መለኪያ ቴስተር ይዤ ስለ ነበር ምስጋናዬ እንደሚገባ የተሰበሰበ አልነበረም። ጡረታ የወጣ ሰው ያርፋል ይባላል። እኔ ሱቄን ከዘጋሁ ወዲህ ያረፈው መዝጊያው ብቻ ነው።

ፍኖተ ሰላም ላይ «መሪጌታ ባትሪ» ብሎ የጠየቀ ሁሉ ወደ እኔ ይመራል። መሪጌታ አይደለሁም። በቋሪት ደጋ ከየኔታ አድማሱ እግር ሥር ተቀምጬ ቅኔ የቆጠርሁ፣ ድጓ ጀምሬ ሳልዘልቅ የወጣሁ ዲያቆን ነበርሁ። አባቴ ሲሞት ታናናሾቼን የሚያበላ ጠፋ። ቁራሽ ለምኖ መማር ለእኔ ይበቃኝ ነበር፤ ለእነርሱ ግን አልበቃም። የኔታ ሲያሰናብቱኝ አልተቈጡም፤ «እጅህ ሥራ ይወዳል፤ ልብህ እንዳይቀድመው ብቻ ጠብቀው» አሉኝ። ወደ ቡሬ ወረድሁ። ስሙን ኋላ ያወጡልኝ ሾፌሮች ናቸው። አሲድ እየለካሁ ውዳሴ ማርያም ስደግም ይሰሙና፣ «መሪጌታ፣ ለእኔዋም ፍትሐት ይድገሙላት፤ ከትናንት ጀምሮ ሞታለች» ይሉኝ ነበር።

ቡሬ ላይ የቀጠሩኝ አያ ይርሳው ይባላሉ። ያን ጊዜ ባትሪ ይጠገን ነበር፤ ዛሬ ይህን ብናገር የሚያምነኝ ጥቂት ነው። የሞተ ባትሪ ሲመጣ ከላይ የታተመበትን ሬንጅ በጋለ ቢላዋ እንከፍታለን። የታመመውን ክፍል መዝዘን የእርሳስ ሰሌዳዎቹን እንደ መጽሐፍ ቅጠል አንድ በአንድ እንገልጣለን። የተበላውን አውጥተን ደኅናውን እንተካለን፤ እርሳስ አቅልጠን እናያይዛለን፤ መልሰን በሬንጅ እናትማለን። ደመወዜ ስንት እንደ ነበር የሚጠይቀኝ ቢኖር፣ ታናናሾቼ ጾም ሳይሆን አልጾሙም ብዬ አልፈዋለሁ።

አያ ይርሳው ፊደል አልቈጠሩም፤ ልማዳቸው ግን መጽሐፍ ነበረ። በመጀመሪያው ቀን ባትሪ ላይ ሳጎነብስ የአንገቴ መስቀል ተንጠለጠለ። ብረት ነበር። እጄን ያዙና፣

«መስቀልህን ወደ ጀርባህ አዙረው» አሉኝ።

«ለምን፣ አያ?»

«የባትሪውን ሁለት ራስ ባንድ ጊዜ የነካ እንደ ሆነ፣ እሳቱ ክርስቲያን ነህ ብሎ አይምርህማ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ስጀምር መስቀሌን ወደ ጀርባዬ አዞራለሁ።

ሁለተኛው ልማዳቸው ባዶውን ማደሪያ መዳበስ ነበር። ሰው ባትሪ ፈልጎ ሲመጣ ባትሪ ወደ ተደረደረበት አይሄዱም። መኪናውን ያስከፍቱና የሞተውን ያወጡታል፤ ቀጥሎ ዓይናቸውን ጨፍነው ባዶውን ስፍራ በእጃቸው ይዞሩታል። ስፋቱን በስንዝር ይለካሉ፤ ማሰሪያው የት እንደሚይዝ፣ ኃይል የሚወስደው ካቦ ከየት እንደሚደርስ፣ አየሩ በየት እንደሚወጣ ያጣራሉ። «እንግዳ ሳትጠራ ማደሪያውን እይ» ይላሉ። ሦስተኛው፣ ያላደረ ባትሪ አይሸጡም ነበር። ቻርጅ ያደርጉትና ያላቅቁታል፤ ያድራል፤ በማግስቱ ይለኩታል። ሾፌር ቢቸኩልባቸው፣ «ከቻርጀር የወረደ ሁሉ ጎበዝ ነው። ከጠጅ ቤት የወጣም ጎበዝ ነው። ጠዋት እንየው!» ብለው ይመልሱታል።

ከእርሳቸው ዘንድ ወጥቼ ፍኖተ ሰላም በአንድ የመንገድ ሥራ ጋራዥ ብዙ ዘመን አገለገልሁ። አለቃዬ ባትሪ የሚያውቁት በወረቀት ነበር፤ የሞተውንም ያልሞተውንም በአንድ ፊርማ ያወጡታል። ሰውየው ደግ ነበሩ፤ ይህን ያህል ይበቃቸዋል። ኋላ የራሴን ሱቅ ከፈትሁ። እጄ ላይ ያለው ጥበብ የአያ ይርሳው መሆኑን የረሳሁት፣ በሱቄ ደጅ ስሜ በቀለም ከተጻፈ በኋላ ነው።

አሁን ስለ እንቁራሪቷ ልናገር። የከተማችን ነርስ የነበሩት ሲስተር ጥሩወርቅ አንዲት ቀይ መኪና አለቻቸው። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ከመሬት የማትርቅ፣ ለሩጫ የተሠራች ናት። ለመንገድ ሥራ የመጣ አንድ የውጭ መሐንዲስ ሲመለስ ለባለቤታቸው ሸጦላቸው፣ ባለቤታቸው ሲያርፉ ለእርሳቸው ቀረች። የሰፈሩ ልጆች «እንቁራሪቷ» አሏት። በገበያ ቀን አንድ ገበሬ በትሩን ተደግፎ ዙሪያዋን ካያት በኋላ፣

«እታለም፣ ይችን ሳታድግ ነው የገዟት?» አላቸው።

«እርስዎስ አድገው ምን ጫኑ?» አሉት ሲስተር፤ ገበያው ሁሉ ሳቀበት።

የዚህች መኪና ባትሪ የሚቀመጠው እንደ ሌላው ከፊት አይደለም። ከኋላ በዕቃ ማኖሪያዋ ቀኝ ጥግ፣ ከምንጣፍ ሥር ነው። ከተሳፋሪው ወንበር የሚለየው አንድ ስስ ገበታ ብቻ ነው።

የመጀመሪያውን ባትሪ የመረጥሁላት ሱቄ አዲስ፣ ኩራቴም አዲስ በነበረበት ጊዜ ነው። ሲስተር የተወለዱት በቋሪት፣ በየኔታ አድማሱ ደብር ነው። ለዓመቱ ንግሥ ሊወጡ ሲሉ ባትሪያቸው ሞተ። ሲመለሱ ደግሞ አደራ ነበረባቸው፤ የየኔታን ድጓ ለአዲስ የቆዳ ድጉሰት ወደ ቡሬ ሊያወርዱ ነው። ያን ድጓ የኔታ በወጣትነታቸው በራሳቸው እጅ፣ ብራናውን ራሳቸው ፍቀው፣ ቀለሙን ራሳቸው በጥብጠው የጻፉት ነው። እኔም ከፊደሉ ላይ ጣቴን እያስኬድሁ የተማርሁበት ነው።

የሞተውን ባትሪ አወጣሁት። ትንሽ፣ የተደፈነ፣ ክዳን የሌለው ነበር። አልወደድሁትም። እኔ የተማርሁት በሚከፈት ባትሪ ነው፤ አፍ የሌለውን ምን ሆነሃል ብዬ ልጠይቀው? ከመደርደሪያዬ ስድስት ክዳን ያለውን፣ ጉልበቱም የሚበልጠውን አነሣሁ። ሲስተር ተቻኩለዋል። ባዶውን ማደሪያ አልዳበስሁትም። ሁለት ቀጫጭን የጎማ ቱቦዎች ከጥግ ተንጠልጥለው አየሁ፤ የዝናብ መውረጃ መሰሉኝና ምንጣፍ ሥር ሸጎጥኋቸው።

በስድስቱም ክፍል የተጣራ ውኃ እስከ ምልክቱ ሞላሁ። ክዳኑን ልዘጋ ስል ሲስተር ከቦርሳቸው አንድ ጠርሙስ አወጡ።

«ከግሽ ዓባይ ያመጣሁት ጠበል ነው። መንገዷን ይባርክላት፤ ጠብ ያድርጉባት።»

«ሲስተር፣ ባትሪ እኮ...»

«ዲያቆን አይደሉም እንዴ? ጠበል እንቢ ይላሉ?» ብለው ሙሉውን በመለኪያ ጆጌ ውስጥ ገለበጡት።

የምንጭ ውኃ ለባትሪ ደዌ እንደ ሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ጠበልን «አንተ ትጎዳለህ» ብሎ መናገር ከአፌ አልወጣ አለ። አንድ ጠብታ ይበቃል ብዬ በመጀመሪያው ክፍል ጠብ አደረግሁ። ከዚያ የቀሩት ክፍሎች ለምን ይነፈጋሉ አልሁ። ለስድስቱም አዳረስሁ። ጆጉ ውስጥ ግን ገና ብዙ ተርፏል። አሲድ የነካው ጆግ ስለ ሆነ መልሼ ለመጠጥ አልሰጣቸውም። ሰው በሚረግጠው፣ ዘይት በፈሰሰበት መሬት ጠበል መድፋት ደግሞ ነውር ነው። ምን አደረግሁ? የተረፈውን ሁሉ እስከ አንገቱ እያካፈልሁ ጨመርሁት። ክዳኑን ዘጋሁ። የቅዱስ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ አማተብሁ።

በሦስተኛው ቀን ሲስተር ተመልሰው ከሱቄ ደጅ ቆሙ። ድጓው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከኋላ ተኝቷል። የዕቃ ማኖሪያውን ሲከፍቱት የሚኮሰኩስ ሽታ ፊታችንን መታው። ከልክ በላይ የሞላው ባትሪ፣ ሞተሩ ሲዞር ባትሪ የሚሞላው ዲናሞ በላዩ ሲያፈላው፣ ቁልቁለቱም ሲያዘነብለው፣ አሲዱን በክዳኖቹ ሥር ተፍቶታል። ጨርቁ በስብሶ እጄ ላይ ቀረ። የድጓው የታችኛው ገበታና የመጨረሻዎቹ ሁለት ጥራዞች ተበልተዋል። ብራና ሲቃጠል እንደ ወረቀት አይቀደድም፤ ይኮማተራል፣ ይዝለገለጋል፣ እንደ ተቀቀለ ቆዳ ይሆናል። ቀዩ ቀለምና ጥቁሩ ተዋሕደው ፊደል መሆናቸው ጠፋ።

ሲስተር መሬት ላይ ተቀመጡ። «እኔ ነኝ። ቁልቁለቱን ስበር ነው የወረድሁት። የኔታን በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?»

እኔ ያን ጊዜ አንድ ቃል ብቻ ተናገርሁ። «መንገዱ ክፉ ነው፣ እታለም» አልሁ። መንገዱ በእውነት ክፉ ነበር። ሐሰት አልተናገርሁም፤ እውነቱንም አልተናገርሁም። በመካከሉ ቆሜ ቀረሁ።

እርሳቸው ራሳቸው ደጋ ወጥተው፣ «በእኔ ጥድፊያ ነው» ብለው ለየኔታ ተናዘዙ። የኔታ የጠፋውን በቃላቸው እየተናገሩ ለተማሪ አስጻፉት። አንድም ክፉ ቃል አልወጣቸውም አሉኝ። ቢቈጡ በተሻለኝ ነበር።

እኔ ወደ ቡሬ ሄጄ ለአያ ይርሳው ሁሉንም ነገርኋቸው። ወደ ፍኖተ ሰላም አብረውኝ መጡ፤ ሲስተር ሥራ ላይ ሳሉ ከሱቄ ደጅ የቀረችውን መኪና አስከፈቱኝ። ባትሪውን አውጥተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ማደሪያውን ዳበሱና ሁለቱን ቱቦዎች ከምንጣፉ ሥር ጎትተው አወጡ።

«ይኸ ምንድር ነው?»

«የዝናብ መውረጃ መስሎኝ...»

«ከተዘጋ ሣጥን ውስጥ ዝናብ ከየት ይመጣል? መተንፈሻዋ ነው! ባትሪዋ ከሰው ጀርባ ስለ ተኛች ትንፋሿ ወደ ውጭ ይውጣ ብለው ነው የሠሩት። አንተ አፏን ከፍተህ አፍንጫዋን ደፈንህ።» ከዚያ ዓይናቸውን ገለጡ። «ይህን ሁሉ ለማን ነገርህ?»

«ለእርስዎ።»

«እኔ ባለ መጽሐፉ ነኝን?»

ትክክለኛውን ዓይነት እርሳቸው መረጡላት፤ ከባሕር ዳር በሰው በሰው እየመጣ ይገባላት ጀመር፤ እውነቱ ግን አልገባም። አያ ይርሳው ባረፉ ጊዜ በቀብራቸው ላይ ቆሜ ያሰብሁት ያን ጥያቄ ነው። ከዚያ ወዲህ ለአምቡላንስም፣ ለወፍጮ ቤትም፣ ለደብር ድምፅ ማጉያም ባትሪ መርጫለሁ። ስለ አንዱም የተናገረብኝ የለም። እኔ ግን ሰው ሲያመሰግነኝ መቆም አልችልም፤ እጄን ጨርቅ ላይ እየጠረግሁ ወደ ጓሮ እገባ ነበር። ከጊዜ በኋላ ባትሪው ሁሉ የማይከፈት ሆኖ መጣ፤ ሲሞት ይጣላል እንጂ አይታከምም። የአሲዱም ትነት ደረቴን ጎዳው። ሱቁን ዘጋሁ፤ መሣሪያዬን ከቴስተሩና ከቻርጀሩ በቀር ለሰው አደልሁ።

ዘንድሮ ሲስተር ጥሩወርቅ ከቤቴ መጡ። እርሳቸውም ጡረታ ወጥተዋል።

«መሪጌታ፣ እንቁራሪቷ ሞተች።»

«ሱቅ ዘግቻለሁ እኮ፣ ሲስተር።»

«ሱቁን ነው እንጂ ጭንቅላትዎን አልዘጉ! ይስሙኝ። የየኔታ ቀኝ ዓይን ከጠፋ ቆይቷል። አሁን ግራው ሞራ ለብሷል። ባሕር ዳር ለጥቂት ቀን ብቻ የሚመጡ የዓይን ሐኪሞች አሉ፤ ቀን አስይዤላቸዋለሁ። ያ ቀን ካለፈ ሌላ መቼ እንደሚገኝ የሚያውቅ የለም። ሚኒባሱ መንገድ ሲከፈት ይኖራል፣ ሲዘጋ ይጠፋል። የኔታ ደግሞ በተጨናነቀ መኪና ልባቸው ይጠፋል። በእኔው ነው የምወስዳቸው።»

«ባትሪዋ እኮ ከጀርባቸው ነው የምትሆነው።»

«ለዚህም አይደል ወደ እርስዎ የመጣሁ?»

እንዲህ በሙሉ እምነት ሲያዩኝ ወንበሩ ቈረቈረኝ። ነገሩ በሁለት በኩል የተሳለ ነበር። ባትሪው መንገድ ላይ ቢደክም ቀኑ ያልፋል፤ የኔታም ጨለማ ውስጥ ይቀራሉ። ዓይነቱን ብስት ደግሞ የአሲድ ትነት፣ በስስ ገበታ አሳልፎ፣ በአንዲቱ በቀረች ዓይናቸው ላይ ይሆናል።

በማግስቱ መኪናዋ ዘንድ ሄድሁ። መስቀሌን ወደ ጀርባዬ አዞርሁ፤ የሞተውን አወጣሁ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ባዶውን ማደሪያ ዳበስሁ። ርዝመቱ አንድ ስንዝር ከጥቂት ጣት ነው። አዎንታዊው ካቦ አጭር ነው፤ ከግራ በቀር አይደርስም። ቱቦዎቹ ደርቀው ተሰንጥቀዋል። ሲስተር ከቤታቸው አዲስ የግሉኮስ ቱቦ አመጡልኝ። «ለሰው ደም ሥር የታመነ ለእርሷ ያንሳታል?» አሉ። ልኩ ሆነ።

ከባሕር ዳር አስመጥቶ ለማሳደር ቀኑ አይበቃምና፣ ፍኖተ ሰላም ያሉትን ሱቆች ዞርሁ። የመጀመሪያው ባለ ሱቅ የጭነት መኪና ባትሪ አወጣልኝ። «ትልቁን ይውሰዱ፣ መሪጌታ፤ የተረፈ ጉልበት ማንን ይጎዳል?» አለኝ። ከማደሪያዋ የማይገባ ጉልበት በገመድ ይታሰራል፤ በገመድ የታሰረም ይገለበጣል። ሁለተኛው ያሳየኝ በልኩ ይገባ ነበር፤ ነገር ግን አዎንታዊው ራስ በቀኝ ነው። ካቦ ቢቀጠልለት በብረቱ ላይ ተሻግሮ ያልፋል፤ አንድ ቀን የካቦው ልብስ ተበልቶ ብረቱን ከነካ እሳት ነው። መተንፈሻ ቀዳዳም የለውም። ሦስተኛው ለፀሐይ መብራት የሚሆን፣ አሲዱ የረጋ ባትሪ ሰጠኝ። ይህ ትነቱ ጥቂት ነውና ልቤ ተመኘው። ነገር ግን እንዲህ ያለው ኃይሉን ቀስ ብሎ እንደ ዓቢይ ጾም ቅዳሴ አርዝሞ የሚሰጥ ነው፤ ሞተር የሚያስነሣው ሞተሪኖ የሚፈልገው ደግሞ አንድ ጊዜ የሚፈነዳ እልልታ ነው። ተውሁት።

ቡሬ ወረድሁ። አቶ ምናሉ የሚባሉ፣ ምላሳቸው ከዕቃቸው የሚበዛ ባለ ሱቅ አሉ። ከላይኛው መደርደሪያ አቧራ የጠጣ ሣጥን አወረዱ። አንድ ሰው አዝዞት ሳይመለስ የቀረ ነው። ትንሽ፣ የተደፈነ፣ አዎንታዊው በግራ፣ በጎኑም የመተንፈሻ ቀዳዳ ያለው።

«አዲስ ነው! ፕላስቲኩ እንኳ አልተነሣም።»

የተሠራበትን ምልክት ፈልጌ አነበብሁ። «ከዓመት በላይ ቆሟል፣ አቶ ምናሉ። ፕላስቲክ ለብሶ ያረጀ ብዙ አለ።»

«ስለ ባትሪው ነው ስለ እኔ?»

«እስቲ ልለካ።» ቴስተሩን አስነካሁ። ዐሥራ ሁለት ነጥብ ሦስት ቮልት። «ደኅና ቢሆን ከዐሥራ ሁለት ነጥብ ስድስት ባልወረደ። ተርቧል። ሙቶ እንደ ሆነ ወይ ተርቦ ብቻ እንደ ሆነ ካላበላሁት አላውቅም። እወስደዋለሁ፤ ካልዳነ እመልሰዋለሁ።»

«በሌላ ሰው ቢሆን ሙጥኝ ባልሁ ነበር። መሪጌታን ግን እንዴት አድርጌ?» ብለው ለቀቁልኝ።

ቤቴ አስገብቼ በትንሹ ጅረት፣ ሳላስቸኵለው፣ ሁለት ቀን መገብሁት። የተደፈነ ባትሪ ከተጣደፈበት ይፈላል፤ የፈላውን መልሶ የሚሞላለት የለም። ከዚያ አላቀቅሁት። አያ ይርሳው አንድ ቀን ያሳድሩት ነበር፤ እኔ አራት ቀን አሳደርሁት። ጠዋት እለካዋለሁ፤ ዐሥራ ሁለት ነጥብ ሰባት። ቁርሴን ሳልጨርስ ተነሥቼ እለካዋለሁ። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ነጠላዬን ሳላወልቅ እለካዋለሁ። ባለቤቴ፣ «ባትሪውን ነው ወይስ ራስህን ነው የምትለካው?» አለችኝ። ባትሪው አልወረደም። የወረድሁ እኔ ነኝ። እጄ ሲለካ ልቤ ሌላ ነገር ይለካ ነበር፤ እውነቱ ሳይነገር የኔታ በዚያች መኪና ሊሳፈሩ ነውና።

መኪናዋ ላይ ገጠምሁት። ማሰሪያውን አጠበቅሁ፤ የግሉኮሱን ቱቦ ከቀዳዳው አገጣጥሜ በወለሉ ወደ ውጭ አወጣሁት፤ በአፌ ነፍቼ ከታች አየሩ በእጄ ላይ ሲወጣ አረጋገጥሁ። ሲስተር ቁልፉን ሲያዞሩ ቴስተሩን ተመለከትሁ፤ ሞተሪኖው ሲጮኽ ከዐሥር በታች አልወረደም። ዲናሞውም ከልክ በላይ አያበላም። ከዚህ በኋላ ሙያዬ የሚጠይቀኝ አልቀረም ነበር።

የጉዞው ጠዋት ከሲስተር ደጅ ደረስሁ። የኔታ በዋዜማው በእህል መኪና ጋቢና ከደጋ ወርደው እዚያ አድረዋል። ጋቢያቸውን ለብሰው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ፊታቸው ወደ እኔ ዞረ፤ የሚያየኝ ግን ጆሮአቸው ነበር።

«ማን ነው?»

«ኃይለ ማርያም ነኝ፣ የኔታ።»

«ኃይሌ! እግርህ ዛሬም አይረጋም፤ በኮቴህ ዐወቅሁህ።»

ሲስተር የመኪናዋን በር ሊከፍቱ እጃቸውን ሰደዱ። እኔ በሩን ይዤ ቆምሁ።

«የኔታ፣ ሳይሳፈሩ የምነግርዎ አለኝ። ድጓዎን ያቃጠለው መንገዱ አይደለም። የሲስተርም ጥድፊያ አይደለም። እኔ ነኝ።» ስለ ክዳኑ፣ ስለ ቱቦው፣ ስለ ጠበሉ፣ «መንገዱ ክፉ ነው» ስላልሁበትም አንድ በአንድ ነገርኋቸው።

አስቀድመው የተናገሩት ሲስተር ናቸው።

«ታዲያ እኔ... ቁልቁለቱ...»

«የእርስዎ አነዳድ ምንም አላደረገም፣ እታለም። እንደ ሞላሁት ሞልቶ፣ በእግር ቢሄዱም ይፈስ ነበር።»

«መሪጌታ! ከዚያ ቀን ጀምሮ እኮ ቁልቁለት ባየሁ ቁጥር በአንደኛ ማርሽ ነው የምወርደው! ጭነት የተጫነ አህያ ሲቀድመኝ! የኔታን ጉልበት ስስም ቀና ብዬ አይቻቸው አላውቅም!»

ከእግራቸው ሥር ወደቅሁ። «ይቅር ይበሉኝ።»

«ይነሡ፤ ወገብዎ ቢያዝ ሦስተኛ ወንበር የለኝም» አሉና ፊታቸውን ወደ መኪናዋ አዞሩ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

የኔታ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ሁለት ጊዜ አስነኩ። «ጠበሉን በሙሉ ጨመርህበት?»

«አዎ፣ የኔታ። መሬት መድፋት ፈርቼ።»

«ከደጅህ ዛፍ አልነበረም? ከሥሩ ብታፈሰው ማን ይረግጠዋል?»

«ባሕር ዛፍ ነበረ።»

«ባሕር ዛፍ አረመኔ መስሎህ ነው? ዛፉን ንቀህ ባትሪ አጠመቅህ!»

ሲስተር በእንባቸው መካከል ሳቁ። የኔታ ግን አልሳቁም። «የጠበሉ በየዋህነት ነው፤ ያልፋል። ዝምታው ግን በማወቅ ነው። ይህች ልጅ ያንተን ሸክም ተሸክማ ስትመላለስ አይተሃታል። እኔ ይቅር ብል የራሴን ብቻ ነው፤ እርሱን ትቼልሃለሁ። የእርሷን ከእርሷ ተቀበል።»

ወደ ሲስተር ተመለከትሁ። እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና፣ «አሁን ጊዜ የለኝም፤ የኔታን ላድርስ» አሉ። ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሣ። እንቁራሪቷ አቧራውን አስነሥታ ወደ ቡሬ መንገድ ታጠፈች።

የዓይናቸው ነገር ኋላ ተሰማ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ የኔታ ዛሬ የሰው ፊት ይለያሉ። እኔ ግን መጻፍ የፈለግሁት ያን ጠዋት ነው። ቤቴ ገብቼ ከደጁ እስከ አጥሩ፣ ከአጥሩ እስከ ደጁ ተመላለስሁ። ቡሬን አልፈዋል አልሁ። እንጅባራ ዝናብ ይሆን አልሁ። ቱቦው ከወለሉ ሥር በድንጋይ ተጎትቶ ይሆን አልሁ። ባለቤቴ ወንበር አውጥታ አስቀመጠችልኝ፤ ዞሬው አለፍሁ። ስልኩ ጮኸ።

«ኃይሌ» አሉ የኔታ፤ ከኋላቸው የበግና የሰው ጫጫታ ይሰማል። «ዱርቤቴ ደርሰናል። ቆመህ ነው የምታወራኝ?»

«አዎ፣ የኔታ።»

«ዐውቄ ነው። ሞተሩን አጥፊው አልኋት፤ አጠፋች። አስነሺው አልኋት፤ ተነሣ። እንዲሁ ሦስት ጊዜ አደረግን። ገበያተኛው ያበድን መስሎት ከቦናል። ሦስቱንም ጊዜ ተነሥቷል። ሽታም የለም፤ አፍንጫዬ ገና አልታወረም።»

ከሩቅ የሲስተር ድምፅ ገባ። «ይቅር ብያቸዋለሁ በሉልኝ፣ የኔታ! ሁለተኛ ግን ዝም ቢሉኝ በዚችው መኪና ነው የምደፈጥጣቸው!»

«ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«እንግዲያስ ተቀመጥ፤ መንገዱን ለእኛ ተውልን። ተቀመጥህ?»

«ተቀምጫለሁ፣ የኔታ» አልሁ፤ ቃሌ እውነት እንዲሆንም ፈጥኜ ተቀመጥሁ።